ከላይ የምትቀመጠው መስመር

ሰሞኑን አንድ ነገር አልለቀኝ ብሏል፣ ለሰው ሳወራው ደሞ ሰው ይስቅብኛል። በጣም ከማከብራቸው ሰው ጋር ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንከራከር ሰነበትን። ዓረፍተ ነገሯን እኔም አልጻፍኳት እሳቸውም አልጻፏት፣ የሌላ ሰው ቃል ናት፣ የኛ ክርክር አንድ ገጽ አናት ላይ ትቀመጥ ወይስ አትቀመጥ ነው። ባለቤቴ ሲሰማ "ለዚች ነው እስከ እኩለ ሌሊት የምታመሺው?" አለኝ። አዎ ለዚች ነው።

ማታ ማታ ከሥራ መልስ የምንጽፍበት አንድ ዊኪ አለን፣ ትንሽ ነው፣ ግማሾቻችን አዲስ አበባ ግማሾቻችን ውጭ አገር ነን፣ አብዛኞቻችን በአካል አንተዋወቅም። ታሪክ፣ ባህል፣ ሰፈር፣ ምግብ፣ ያወቅነውን እንጽፋለን፣ ሌላው መጥቶ ያርመዋል፣ የታረመውን ደሞ ሌላው ያርመዋል። እና ከመጀመሪያው ጀምሮ የያዝነው ልማድ አለ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከርዕሱ ቀጥሎ በአንድ ጥቅስ ይከፈታል። ማን እንደጀመረው ዛሬ የሚያስታውስ የለም፣ ስንት ጭቅጭቅ እንደሚያመጣ ቢያውቅ ግን የሚጀምረው አይመስለኝም።

ዊኪፔዲያ እንዲህ አይነቱን ነገር አይወድም። እዚያ ጽሑፉ "እገሌ እንዲህ ነው" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ከመግቢያው በላይ ለጌጥ ጥቅስ ብትለጥፉ አንዱ መጥቶ ያነሳባችኋል። ቲቪ ትሮፕስ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የፊልምና የልብወለድ ዘዴዎችን የሚሰበስብ ዊኪ፣ እዚያ ብዙዎቹ ገጾች አናታቸው ላይ ጥቅስ አላቸው፣ የትኛው ጥቅስ ይሁን ተብሎ ይከራከሩበታል፣ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ከየት ያመጣል ያስብላል። እኔ ዩኒቨርስቲ እያለሁ እሱን ሳነብ ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል፣ ከጽሑፉ ይልቅ ክርክሩን ነበር የምወደው። አንዱ "ይሄ ጥቅስ ያስቃል" ይላል፣ ሌላው "ያስቃል ግን ፊልሙን ላላየ ሰው ምን ይነግረዋል?" ይላል፣ ያቺ ጥያቄ እስካሁን አብራኝ አለች።

ለምን እንደምከራከር ልናገር። ዊኪ ላይ ያለ ጽሑፍ ድምፅ የለውም፣ ወይም እንዳይኖረው ነው የምንፈልገው። አስር ሰው የነካካው ነገር ነው፣ ቅጽሉ ተነቅሏል፣ "እጅግ አስደናቂ" የሚሉት ሁሉ ተቆርጠዋል፣ የቀረው ቀን፣ ቦታ፣ ስም፣ ምንጭ ነው። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ እንደ ሰው የምትናገር አንድ መስመር ብትኖር እሷ ከላይ ያለችው ጥቅስ ናት። አንባቢ ገና አንድ ቃል ሳያነብ እሷ ስለ ጉዳዩ ምን ሊሰማው እንደሚገባ ነግራዋለች። ስለዚህ እኛ ታች አድልኦ እንዳይኖር እያልን አንድ ቅጽል ላይ ሳምንት ስንከራከር፣ አናቱ ላይ ደሞ ደስ ያለንን ጥቅስ ለጥፈን መሄድ ልክ አይመስለኝም፣ በር ቆልፎ መስኮት ከፍቶ እንደመውጣት ነው።

ለሁሉ የምትሆን ጥቅስ

መጀመሪያ ላይ ሁላችንም የሄድነው ወደ ተረትና ምሳሌ ነው፣ ወዴት ይኬዳል ሌላ። አማርኛ ዊኪፔዲያን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እዚያ ምሳሌዎች ለየብቻቸው ገጽ ገጽ ተሰጥቷቸው ተደርድረዋል፣ ብዙዎቹ ከአንድ ሁለት መስመር አያልፉም፣ "የአማርኛ ምሳሌ ነው" ይልና ያልቃል። አንዳንዱ ሰው ይሄን ያሾፍበታል፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ኢንተርኔት ላይ በራስሽ ቋንቋ መጻፍ ትችያለሽ ሲባል ሰው መጀመሪያ ያመጣው ምሳሌውን ነው። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ተብሎ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያምጣ?

ሽማግሌ ፊት ነገር ሲጀመርም እንዲሁ ነው፣ በምሳሌ ይከፈታል። ደብዳቤና መጽሐፍ ድሮ በስመ አብ ይከፈት ነበር፣ የነገሥታቱ ደብዳቤ ደሞ ከጽሑፉ በላይ "ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" የሚል ማኅተም ያርፍበት ነበር፣ ከፈለጋችሁ እሱንም የመክፈቻ ጥቅስ በሉት፣ ጉዳዩን ሳታነቡ ማን እየተናገረ እንደሆነ ይነግራችኋል። የአዲስ አበባ ታክሲስ? "ፍቅር ካለ ታክሲ ባስ ይሆናል" የሚለውን ሳያነብ ያደገ የኔ እድሜ ሰው አለ? እኛ ጥቅስ ወዳድ ሕዝብ ነን፣ ሳናስበው የለመድነው ነገር ነው።

ችግሩ የመጣው ጽሑፎቹ ሲበዙ ነው። የደቦ ጽሑፍ ተጻፈ፣ አናቱ ላይ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ተባለ። ጥሩ። የእቁብ ጽሑፍ ተጻፈ፣ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ተባለ። ይሁን። ከዛ እድር መጣ፣ ከዛ የሰንበቴ ማኅበር መጣ፣ ከዛ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጣ፣ እና ሁለቱ ጥቅሶች ተራ በተራ እየተነሱ ከገጽ ገጽ ይዞሩ ጀመር። አንድ ቀን አንዱ ልጅ፣ ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር እንጃ፣ የእቁቡንና የእድሩን ጥቅስ አቀያየራቸው። ማንም አላወቀም። ወር ከዛ በላይ እንደተቀያየሩ ቆዩ፣ ራሱ ነው በኋላ የነገረን።

እኔን ያስደነገጠኝ አለማወቃችን አይደለም፣ ሲነገረንም መመለሱ ለምን እንደሚያስፈልግ መናገር የቻለ ሰው አለመኖሩ ነው። ሁለቱም ምሳሌዎች እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ያምራሉ፣ ለሁለቱም ገጽ ይሆናሉ። ለሁለቱም መሆናቸው ነው ችግሩ። እቁብና እድር አንድ ነገር አይደሉም እኮ፣ አንዱ ገንዘብ አዋጥቶ በእጣ ተራ በተራ መውሰድ ነው፣ ሌላው ሞት ሲመጣ ድንኳን መትከል፣ ወንበር ማምጣት፣ ሰው ማስተናገድ፣ ሬሳ ማሳረፍ ነው። እድርን ከእቁብ የማይለይ ጥቅስ እድር ገጽ ላይ ምን ይሠራል?

ከዚያ በኋላ ለራሴ አንድ መለኪያ አበጀሁ፣ ጥቅሱን አንስቼ በሐሳቤ ሌላ ገጽ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ እዚያም ከተመቸው እተወዋለሁ። በዚህ መለኪያ ምሳሌዎች በብዛት ይወድቃሉ። ምሳሌ የተሠራው እኮ ከቦታ ቦታ እንዲዞር ነው፣ ጉልበቱ እሱ ነው።

ለእድሩ ገጽ ያቀረብኩት ሌላ ነገር ነበር፣ የጥሩምባ ነፊውን ጥሪ። ሌሊት አስር አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ጥሩምባውን ነፍቶ "የእድራችን አባላት በሙሉ፣ ነገ ስድስት ሰዓት ቀብር አለ" የሚለውን። እሱን የሰማ ሰው እድር ምን እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም፣ ማን ይጠራል፣ ማን ይወጣል፣ ለምን ይወጣል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። እቁብ ገጽ ላይ ደሞ በምንም ተአምር ሊቀመጥ አይችልም። ግን ወዲያው የመጣው ጥያቄ "ምንጩ ማነው? ከሥሩ ማን ብለን ነው የምንጽፈው?" የሚል ነበር። መልስ አልነበረኝም። የእድሩ ገጽ እስካሁን ያለ ጥቅስ ነው ያለው፣ ልማዳችንን ያፈረሰ አንድ ገጽ ይኑር ብለን ተውነው።

ከሥር ያለው ስም

ጥቅስ ሁለት ነገር ነው፣ ቃሉና ከሥሩ ያለው ስም። ሰው የሚከራከረው ስለ ቃሉ ይመስለዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሥራውን የሚሠራው ስሙ ነው። ፌስቡክ ላይ አንድ ደህና ሐሳብ ብትጽፉ አስር ሰው ላይክ ያደርገዋል፣ ያንኑ አንስታችሁ ከሥሩ ማንዴላ ብትሉበት ሺ ሰው ሼር ያደርገዋል።

የምረቃ መጽሔት ላይ የምታዩዋት አለች፣ ትልቁ ፍርሃታችን ደካማ መሆናችን ሳይሆን ከልክ በላይ ኃያል መሆናችን ነው የምትል፣ ከሥሯ ኔልሰን ማንዴላ፣ በዓለ ሲመት 1994 እ.ኤ.አ.። ማንዴላ ግን በዚያ ንግግራቸው አላሏትም። ማሪያን ዊልያምሰን የምትባል አሜሪካዊት በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ የጻፈቻት ናት። የነጻ ፕሬስ ጋዜጦች በወጡበት ዘመን ደሞ የቮልቴር ተብላ ስንት ጊዜ የታተመችው፣ በሐሳብህ ባልስማማም የመናገር መብትህን ለማስከበር እሞታለሁ የምትለው፣ ቮልቴር አልጻፋትም። ኢቭሊን ቢያትሪስ ሆል የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ በ1906 እ.ኤ.አ. የሱን አቋም ስታስረዳ በራሷ ቃል ያስቀመጠቻት ናት። ሁለቱም ሴቶች መሆናቸውን አስተውላችኋል? እኔ አስተውያለሁ፣ አልፈዋለሁ።

ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የዊኪፔዲያ እህት፣ ዊኪኮት፣ ለዚህ መላ አለው። የአንድን ሰው ጥቅሶች ሲሰበስብ ምንጫቸው የታወቁትን ለብቻ፣ የሚያጠራጥሩትን ለብቻ፣ ያላለው ሆኖ በስሙ የሚዞሩትን ደሞ ለብቻ ያስቀምጣል። ይሄ ሦስተኛው ክፍል ለኔ ከሁሉም ደስ ይለኛል፣ አንድ ሰው ምን አለ ከሚለው በላይ ሰው ከሱ ምን መስማት ፈለገ የሚለውን የምታዩት እዚያ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ለዝርዝር ገጽ እንዲህ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይቻላል። ጽሑፍ አናት ላይ ያለችው ቦታ አንድ ናት፣ እዚያ ላይ "ያጠራጥራል" የሚል ክፍል የለም።

ሰኔ 23

እንግዲህ ወደ ጸባችን። ጽሑፉ ስለ ጄኔቫው ንግግር ነው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ያደረጉት። ጽሑፉን በብዛት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያረሙልኝ ደሞ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው፣ የድሮ አስተማሪ ናቸው፣ አሁን አሜሪካ ልጆቻቸው ጋር ነው ያሉት፣ ከኛ ሁሉ በላይ አንብበዋል፣ ከኛ ሁሉ በላይ ይቆጣሉ። እኔን አንቺ ይሉኛል፣ እኔ እርስዎ እላቸዋለሁ፣ በሌላ ነገር እንደ ልጅና አባት ነን።

ጋሼ አናቱ ላይ ያስቀመጡት የታወቀውን ነው። "ዛሬ እኛ፣ ነገ እናንተ።" ከሥሩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጄኔቫ።

ይህን ያላወቀ የለም፣ ትምህርት ቤትም ቤትም ሰምተነዋል። ነገር ግን ታትሞ ያለው ንግግር ውስጥ የለም። ከመድረኩ ሲወርዱ አጉተመተሙት ነው የሚባለው፣ በብዙ ጸሐፊዎች ተደጋግሟል፣ ንግግሩን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት ግን አታገኙትም። ንግግሩ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሲረብሹ ቆይተው ከአዳራሹ ከወጡ በኋላ፣ በአማርኛ፣ ረጋ ብለው፣ ከስምንት ወር በፊት ሃምሳ መንግሥታት ጥቃት ተፈጽሟል ብለው የመሰከሩለትን ሕዝብ ፍርድ ልጠይቅ መጣሁ ብለው ነው የሚጀምሩት። ዘጠኝ፣ አስራ አምስት፣ አስራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ የመርዝ ጭጋግ ስለሚያዘንቡት አውሮፕላኖች ይናገራሉ፣ ስለ ሰውና ከብቱ፣ ስለ ወንዙና ግጦሹ። እግዚአብሔርና ታሪክ ፍርዳችሁን ያስታውሳሉ የሚል አለ። እና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጥያቄ ነው፣ ቃል በቃል ሳይሆን ሐሳቡን ልጻፈው፣ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ? ነው። በዚህ ያልቃል፣ ከዚያ ይወርዳሉ።

እኔ ጥያቄው አናቱ ላይ ይሁን አልኩ። ምንጭ አለው፣ ቀን አለው፣ ብዬ ውይይት ገጹ ላይ ጻፍኩ፣ ነገሩ በዚህ ያልቃል ብዬ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

የጋሼ መልስ ረጅም አልነበረም። "ልጄ፣ ይህን ቃል አባቴ ሲነግረኝ መጽሐፍ ከፍቶ አልነበረም። ንጉሡ አላሉትም እንበል። ሕዝቡ ግን በሳቸው ስም ብሎታል፣ እስከ ዛሬም ይለዋል። እሱስ ምንጭ አይደለም? እናንተ ወረቀት ካላያችሁ የሰማ ሰው የለም ማለት ነው?"

ይቺ ናት ያልለቀቀችኝ። ሌላ ሰው ቢለው "ምንጭ አምጣ" ብዬ አልፈው ነበር። ግን የእድሩን ጥሩምባ ያቀረብኩት እኔ አይደለሁ? ያኔ ምንጩ ማነው ሲሉኝ የተቆጣሁት እኔ አይደለሁ? የሰው አፍ ምንጭ ነው ብዬ አምናለሁ። በየሰፈሩ ያለ እውቀታችን በብዛት እዚያ ነው ያለው፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረውን ሁሉ ከጣልን የምንጽፈው ፈረንጅ የጻፈልንን ብቻ ሊሆን ነው። ስለዚህ ጋሼን ምን ብዬ ነው የምመልሳቸው?

አስቤ አስቤ የደረስኩበት ይሄ ነው። የሕዝብ ቃል ከሆነ የሕዝብ ተብሎ ይጻፍ። ከሥሩ ያለው ስም ይቀየር። "ዛሬ እኛ፣ ነገ እናንተ" ይቀመጥ፣ ከሥሩ ግን ሕዝቡ ስለ ጄኔቫው ቀን የሚለው ተብሎ ይጻፍ፣ ያኔ አንድም ሰው ላይ አንዳች ነገር አልለጠፍንም፣ አባትዎ የነገሩዎትም አልጠፋም። ጋሼ፣ ይሄ ያስማማን ይሆን? ብዬ ጻፍኩላቸው።

"ስማቸው ከሌለበትማ ምን ዋጋ አለው" አሉኝ።

ስቄያለሁ፣ በጭካኔ አይደለም። ይሄ መልስ ከኔ ክርክር ሁሉ በላይ ነገሩን አሳየኝ። ቃሉን ብቻ ቢሆን የወደድነው ማንም ይበለው እንቀበለው ነበር። የምንፈልገው እሳቸው እንዲሉት ነው። ንጉሡ አይተው፣ አውቀው፣ አስጠንቅቀው፣ ዓለም አልሰማ ብሎ ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ እቤቱ ሲገባ፣ እኛ ልክ ሆነን እንድንገኝ። ይሄ መጥፎ ፍላጎት አይደለም፣ ያን ሁሉ ግፍ ለተቀበለ ሕዝብ እንደውም ትንሽ ነው። ግን የኛ ፍላጎት ነው፣ የዚያ ቀን ንግግር አይደለም።

ከ27 ዓመት በኋላ

ከዚያ ሌላ ነገር አገኘሁ፣ ነገሩን ያቀለለው መስሎኝ ነበር፣ አወሳሰበው።

መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኒውዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተናግረዋል። የዚህን ንግግር አንድ ክፍል ዓለም የሚያውቀው ቦብ ማርሊ በ1976 እ.ኤ.አ. ስለዘፈነው ነው፣ እሱም እንግዲህ በዘፋኙ ስም ብቻ ሲጠቀስ የምታዩት ሞልቷል፣ ከሥር ያለው ስም ጉዳይ ማለቂያ የለውም። የንግግሩ መጀመሪያ ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። እዚያ ላይ ከ27 ዓመት በፊት ጄኔቫ መድረክ ላይ መውጣታቸውን ያነሳሉ፣ ያኔ የዓለምን ሕሊና ተናገርኩት፣ ሰሚ አላገኘሁም፣ በ1936 እ.ኤ.አ. የሰጠሁት ማስጠንቀቂያ ትክክል እንደነበር ግን ታሪክ ይመሰክራል ይላሉ።

አያችሁ? "ዛሬ እኛ፣ ነገ እናንተ" ማለት ይሄው ነው። ያውም በራሳቸው አፍ፣ በዓለም ፊት፣ በታተመ ንግግር። ላክሁላቸው። ጋሼ ደስታቸው ሌላ ነበር፣ "ይኸው፣ እሳቸው ራሳቸው መሰከሩ!" ብለው ወዲያው አናቱ ላይ አስገቡት፣ ከነቀኑ ከነቦታው። ምንጭ አለው፣ ስሙም አለበት፣ የሚፈልጉትንም ይላል። ሰው ሁሉ እሰየው አለ፣ አንድ ልጅ እንደውም እልባት ያገኘ ክርክር ብሎ ሊዘጋው ነበር።

እኔ ግን ራሴ ያመጣሁትን ከአናቱ ይነሳ ብዬ መከራከር ጀመርኩ፣ ባለቤቴ የሳቀው ያኔ ነው።

እስቲ አስቡት። ገጹን የሚከፍት ልጅ፣ አስራ ስድስት ዓመቱ፣ የቤት ሥራ ተሰጥቶት የመጣ። የመጀመሪያው መስመር ማስጠንቀቂያዬ ትክክል ነበር ካለው፣ ነገሩ አልቆለታል። ማን ልክ እንደነበር ያውቃል፣ ከዚያ በታች የሚያነበው ሁሉ ማረጋገጫ ነው። በዚያ ሰኔ ቀን ግን ማንም ይህን አያውቅም ነበር፣ ንጉሡም ጭምር። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ተይዛለች፣ እሳቸው አገራቸውን ለቀው በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ ገብተዋል፣ በጓዳ ሁሉም በጣሊያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ለማንሳት ተስማምቷል። የቆሙት ሊሸነፍ የተቃረበ ክርክር ይዘው ነው። ይህ ሰው ምን ይዤ ልመለስ ሲል የሚያምር ነገር ለመናገር አይደለም፣ በእውነት የሚይዙት ነገር የላቸውም። መልሱም ወዲያው ነው የመጣው፣ ሐምሌ ላይ ማዕቀቡ ተነሳ። ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት አምስት ዓመት ቆይተው በዚያው በሚያዝያ 27፣ በ1933 ነው።

ጽሑፋችን እኮ ይህን ነው የሚተርከው፣ ከላይ እስከ ታች። ጥያቄው አናቱ ላይ ከሆነ ታች ያለው ሁሉ መልስ ይሆናል፣ ልጁ ለማንበብ ምክንያት አለው። ትንቢቱ አናቱ ላይ ከሆነ ግን ታች ያለው ትርፍ ነው፣ ከጥቅሱ በኋላ ገጹን ቢዘጋ ምንም አልቀረበትም። ጥቅሱ ዝነኛ በሆነ ቁጥር ደሞ ይሄ ይብሳል፣ ሰው የሚያውቀውን ሲያይ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል፣ አውቀዋለሁ ብሎ ነው የሚያልፈው። በሩ ላይ የተቀመጠ ነገር ሰው የሚያስገባ መሆን አለበት ብዬ ነው የማምነው፣ ጋሼ ደሞ ክብር የሚሰጥ መሆን አለበት ብለው ያምናሉ። ይሄው ነው ልዩነታችን፣ ስለ ምንጭ አልነበረም ለካ።

እሳቸው የመለሱልኝን ሳልጽፍ ባልፍ ነውር ነው። "ልጅቷ፣ አንቺ ያልሽው ልጅ የቤት ሥራውን ሊጽፍ ነው የመጣው። የሚወስደው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው። የሚወስደው አንድ መስመር ከሆነ አንገቱን ቀና የሚያደርገውን ይውሰድ፣ ምን ይዤ ልመለስ ብሎ የሚለምን ንጉሥ ይዞ አይሂድ።" ለዚህ እስካሁን ጥሩ መልስ የለኝም። ልመና አይደለም ብያቸዋለሁ፣ ጥያቄው የሚያፋጥጠው አዳራሹን ነው፣ የሚያፍረው ተጠያቂው ነው፣ እኔ ሳነበው የሚሰማኝ እንደዛ ነው። ግን ሁሉም እንደኔ እንደማያነበው አውቃለሁ።

አሁን ባለበት፣ ጥያቄው አናቱ ላይ ነው። የ1956ቱ ቃል ወርዶ መጨረሻው ክፍል ላይ ገብቷል፣ እዚያ ልክ ቦታውን አግኝቷል፣ ምክንያቱም እዚያ ስትደርሱ ታሪኩን ታውቃላችሁ። "ዛሬ እኛ፣ ነገ እናንተ" ደሞ የራሱ አንቀጽ ተሰጥቶታል፣ ይባላል ተብሎ፣ በታተመው ንግግር ውስጥ እንደሌለ ተነግሮ፣ ሰው ለምን እንደያዘው ተጽፎ። እውነቴን ነው ከገጹ ሁሉ እሱ አንቀጽ ነው በደንብ የተጻፈው፣ የጻፉት ጋሼ ናቸው።

ፍልፈሉ

አሁን ደሞ ወረፋው የዓድዋ ገጽ ነው። የምኒልክን የመስከረም 1888 የክተት አዋጅ ሁሉም ያውቀዋል፣ ከቅጂ ቅጂ ቃላቱ ቢለያዩም። የካቲት ሲመጣ ቲሸርት ላይ፣ ፖስተር ላይ፣ ፕሮፋይል ላይ የሚወጣው "ጉልበት ያለህ ተከተለኝ" የሚለው ነው፣ ጋሼም እሱን አስቀምጠዋል፣ ሌላ ይቀመጣል ብሎ ያሰበ ሰውም አልነበረም።

እኔ ከዚያው አዋጅ ሌላ መስመር አቅርቤያለሁ፣ ጠላት ባሕር አልፎ መጥቶ "እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር" የሚለውን። ፍልፈል አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፣ ዛሬ አንድ ቦታ አፈር ቁልል ታያላችሁ፣ ነገ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ፣ እሱን ራሱን አታዩትም፣ አንድ ቀን ማሳው ከሥር ባዶ ሆኖ ይገኛል። ጣሊያን በ1877 ምጽዋ፣ በ1881 አስመራ፣ በመሃል የውጫሌ ውል፣ ከዚያ መረብን ተሻግሮ ትግራይ። ዓድዋ ለምን ሆነ የሚለው ጽሑፋችን ላይ አራት ክፍል የፈጀውን ነገር ንጉሡ በአንድ እንስሳ ጨርሰውታል፣ ያውም ገበሬ ሰምቶ በሚገባው። ሌላ ጦርነት ገጽ ላይ ልታስቀምጡት ብትሞክሩም እሺ አይልም። "ተከተለኝ" ግን የትኛውም ዘመቻ ላይ ይሄዳል፣ እንደ ሃምሳው ሎሚ።

ጋሼ አይተውታል። "ታላቁን ድል በአይጥ ልትከፍቺው ነው?" ብለው ጽፈዋል። ፍልፈል አይጥ እንዳልሆነ፣ ቃሉም የምኒልክ እንጂ የኔ እንዳልሆነ መልሼያለሁ፣ ከሥሩም ከየትኛው ቅጂ እንደወሰድኩት ለመጻፍ ሦስት መጽሐፍ ከፍቼ እያነጻጸርኩ ነው። ድምፅ ይሰጥበት ብለዋል፣ የካቲት ከመግባቱ በፊት ይለያል።